የኔታ ያልጠየቁበት እሑድ

ልጃችን ቤዛ ሞታለች። አራት ዓመቷ ነበር።

መጻፉ እንዲህ ቀላል ነው። መናገሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ሞት ዝም ብሎ የሚወራ ወሬ አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ጋብቻ ሽማግሌ እንደሚፈልግ ሁሉ ሞትም ሽማግሌ ይፈልጋል። መርዶ በስልክ አይነገርም። በመንገድ ላይ አይነገርም። ለታመመ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሴቶች ከኋላ ተከትለው ነው የሚነገረው። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ አልነቅፈውም። ሰው ልቡ ሲሰበር የሚደግፈው ክንድ አጠገቡ ይኑር ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ሥራ ፈትቶ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ከቦት የሚገኝበት ቀን በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ያ ቀን እስኪመጣ መርዶው ይቆያል። መርዶው እስኪነገር ደግሞ ሁላችንም እንዋሻለን።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አሁን በእናንተም ቤት ያልተነገረው ሰው ይኖር ይሆናል። ምናልባት ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

ባለቤቴ ማስተዋል አምባራስ ከሚባል የደጋ መንደር ናት። አባቷ መሪጌታ አዳነ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ አገሩ። እናቷ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። እኛ የምንኖረው ደባርቅ ነው፤ ቤዛንም የቀበርናት እዚያው ነው። ሳንባዋን ብርድ መታት፤ በሦስት ቀን አለቀ። በዚያ ሰሞን የኔታ ልባቸውን ታመው ተኝተው ነበር። ስለዚህ ለቀብር አልተጠሩም። የልጅ ልጃቸው መሞቷም አልተነገራቸውም።

ይህን የወሰኑት የማስተዋል አጎት ጋሼ ሞላ ናቸው። ጋሼ ሞላ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ለነገር ሁሉ ቀጠሮ ይሰጣሉ። «የኔታ ይዳኑና ይነገራቸዋል» አሉ። የኔታ ዳኑ። «ገብሱ ይግባና» አሉ። ገብሱ ገና አልታጨደም ነበር። ከገብሱ በኋላ ምን ሊሉ እንዳሰቡ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር እንደማያጡ አውቃለሁ።

የዚህ ሁሉ ቀጠሮ ዕዳ የወደቀው ማስተዋል ላይ ነው። ፀጉሯን ተቆርጣለች፤ ጥቁር ለብሳለች። እንዲህ ሆና አምባራስ ብትገባ አፏን ሳትከፍት መርዶው ይነገራል። ስለዚህ እንዳትሄድ ተከለከለች። ለቅሶ የሚደርሰን ሰው ብዙ ነው፤ የማታውቃቸው የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ እጇን ይዘው ያለቅሳሉ። እናቷ ግን በሁለትና በሦስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ላይ ምንም እንዳልሆነ ገብሳቸውን ይጠብቃሉ።

«ልጄን ቀበርሁ» አለችኝ አንድ ቀን ጠዋት፤ ልብስ እያሰጣች ነበር። «አሁን ደግሞ እናትና አባቴን በቁማቸው ቀበራችሁብኝ። የማለቅስበት ቤት አሳጣችሁኝ።»

ገብቼ ሥራዬን ቀጠልሁ።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ብዙ አላስቸግራችሁም። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ፕሮግራም እፈትናለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ከርነል የሚባል አለ፤ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ተቀምጦ ሁሉን የሚያስተዳድር ዋናው ፕሮግራም ነው። እሱ ሲታመም ሁሉም ይታመማል። ታዲያ እሱን አስቁሞ መመርመር አይቻልም፤ እሱ ከቆመ ኮምፒውተሩም ቆመ። ስለዚህ እየሮጠ ነው የሚመረመረው። እንዴት ቢሉ፣ ከሚፈጽማቸው ትእዛዞች አንዷን አንሥተው በቦታዋ ወጥመድ ያኖራሉ። ማሽኑ ሲሮጥ መጥቶ ያችን ሲረግጥ ይያዛል። የወጥመዱ ጠባቂ ከች ይላል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይመዘግባል። ከዚያ ያችን ያነሣትን ትእዛዝ ለብቻዋ ያስፈጽመውና መንገዱን ያስቀጥለዋል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም። ማሽኑ መያዙን አያውቅም። ማወቅም የለበትም።

የእኔ ድርሻ ጠባቂውን መፈተን ነው። ሞኝ ጠባቂ ወጥመድ በጮኸ ቁጥር የራሱ ይመስለዋል። የሌላ ሰው ወጥመድም አለ እኮ። የራሱ ካልሆነ ለባለቤቱ ማሳለፍ አለበት፤ ዝም ብሎ ከዋጠው ባለቤቱ እንደጠበቀ ይቀራል። የራሱ ከሆነ ደግሞ የያዘውን መንገደኛ ስንቁን ሳያጎድል፣ ኪሱን ሳያዛባ መልቀቅ አለበት። አንዲት ቁጥር ከተለወጠች ማሽኑ ደህና መስሎ ይሄድና ራቅ ብሎ ይወድቃል። የወደቀው ራቅ ብሎ ነውና ወጥመዱን ማንም አይጠረጥረውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ይህ ነው፤ ጠባቂው አንዱን ይዞ እየጠየቀ ሳለ ራሱ የሌላውን ወጥመድ ቢረግጥስ? ጠያቂውን የሚጠይቅ፣ እሱን ደግሞ ሌላ የሚጠይቅ ከተነሣ ማሽኑ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ይተዋል። «አመለጠ» ተብሎ በቁጥር ብቻ ይያዛል። ስንት እንዳመለጠ ካላዩ ምርመራው ሁሉ የተሟላ ይመስላል።

ቤዛ ከሞተች በኋላ በዚህ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሰው «እንዴት ቻልኸው?» ይለኛል። ከርነል ለቅሶ አይደርስም፤ የቻልሁት ለዚያ ነው።

የኔታ ከዳኑ ወዲህ በየእሑዱ ይደውላሉ። ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ወደሚይዝበት አፋፍ ይወጣሉ፤ ሰላምታውን ሁሉ ካዳረሱ በኋላ «በሉ ቤዛን ስጡኝ» ይላሉ። የመጀመሪያው እሑድ ስልኩን ያነሣችው ማስተዋል ነበረች። «ተኝታለች፣ አባ» አለችና ስልኩን በዚያው ለገቡት ለጋሼ ሞላ አቀብላ ወጣች። ጋሼ ሞላ ደግሞ እሷ ያለችውን አልሰሙም።

«ቤዛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወጥታለች» አሉ።

«ተኝታለች አላለችኝም?» አሉ የኔታ።

«ተኝታ ነው የወጣች» አሉ ጋሼ ሞላ።

በመዝገብ ክፍል ያን ያህል ዘመን የሠራ ሰው፣ የተጣረሰ ቃል በመስጠት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ስልኩ ሲዘጋ ላብ በላብ ሆነው ነበር።

ያን ጊዜ የሙያ በሽታዬ ተነሣ። ቤተሰቡን ልፈትን ተነሣሁ። ሰው በኀዘኑ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም፤ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ይጸልያል፣ እኔ የውሸት ልምምድ አዘጋጀሁ። መልሳችን አንድ እንዲሆን፣ የኔታም ካነሡት ጥያቄ ወደ ነበሩበት ኑሮ ምንም ሳይነካቸው እንዲመለሱ። በማግስቱ ጋሼ ሞላን ወንበር ላይ አስቀምጬ እኔ የኔታን ሆንሁ።

«ሀሎ፤ ቤዛን ስጡኝ» አልኋቸው።

«ቤዛ ቄስ ትምህርት ቤት ገብታለች።»

«በእሑድ?»

ጋሼ ሞላ አሰቡ። «አንተ ደግሞ፤ የኔታ እንዲህ ያለ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቁም።»

«ይጠይቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ሰበብ የሰሙ ሰው ናቸው።»

«እንግዲያው ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል በላቸው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሻላት ነዋ» አሉ።

ማስተዋል በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። «ከጨረሳችሁ ምሳ ቀርቧል» አለች።

ጉንፋኑ ሠራ። ሁለተኛው እሑድ አለፈ፤ ሦስተኛው አለፈ። ማን ስልኩን ቢያነሣ መልሱ አንድ ሆነ፤ የኔታም «እግዜር ይማራት» እያሉ ዘጉ። እኔ በልቤ «አለፈ» ብዬ ጻፍሁ፤ ለፕሮግራሙ እንደምጽፈው። እናንተ ብትታዘቡኝ አይገርመኝም። እኔም ዘግይቼ ታዝቤዋለሁ።

በአራተኛው እሑድ የኔታ ደወሉ። «ደህና ናችሁ? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ማስተዋል እህል ትቀምሳለች?» አሉና ዘጉ።

ቤዛን አላነሡም።

ጋሼ ሞላ ደስ አላቸው። «አየህ፣ ጌቴ» አሉኝ፤ «ተዋጠላቸው። እንዲህ እንዲህ እያልን ገብሱ ይገባል።»

እኔ ግን ዜሮ ያስፈራኛል። በእኛ ሥራ ወጥመድ ያኖሩና ቆጣሪው ዜሮ ሲል ጀማሪ «ምንም የለም ማለት ነው» ብሎ ይተኛል። ዜሮ ግን ሁለት ትርጉም አለው። ወይ በዚያ ማንም አላለፈም፤ ወይ ወጥመዱ ከቦታው የለም። ቁጥሩን ዓመት ቢያዩት የትኛው እንደሆነ አይናገርም። መንገዱ አንድ ነው፤ ራስ ሄዶ መርገጥ። አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን በየሳምንቱ ሲጠይቁ ኖረው፣ ያውም ታማለች ተብለው፣ በድንገት ከተዉ የተዉበት ነገር አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ለማስተዋል ነገርኋት።

«አምባራስ ልሄድ ነው።»

«ልትነግራቸው?»

«አይደለም። ላያቸው።»

«አይተህስ?»

«አላውቅም።»

ጢሜን እያየች ቆየች። ኀዘንተኛ ጢሙን አይላጭም፤ እኔም አንድ ወር ሙሉ አልነካሁትም ነበር። ምላጩን አምጥታ ሰጠችኝና ጥቁር ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አነሣችው። ቸኩዬ ተላጨሁ። ለጋሼ ሞላ አልተናገርሁም፤ ብናገር ቀጠሮ ይሰጡኛል።

በአምባራስ አልፎ ጃናሞራ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ከኋላ ቦታ አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት ከዘንባባ የተሠራ መጥረጊያ አቅፈው ነበር፤ ጥቂት ከሄድን በኋላ ፊቴን አዩና «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ ጥቁርም አልለበስሁም። «አሜን» አልሁ። ኀዘን ጢም ስለተላጨ የሚጠፋ መስሎን ነበር።

የኔታን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። ጉልበት ስሜ ተቀመጥሁ።

«ብቻህን መጣህ?»

«ብቻዬን።»

ዳዊታቸውን አጠፉ። «ዛሬ ነው የተላጨኸው» አሉ። «አገጭህን ቆርጦሃል።»

ወደ መሬት አየሁ። እሳቸውም ወደ መሬት አዩ። ለመዋሸት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የልምምዱ ባለቤት እኔ ነኝና። ግን እሳቸው አልጠየቁኝም። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ መዋሸት አይችልም።

«የኔታ፣ ያውቃሉ?» አልሁ።

«እግሬ ከአልጋ እንደወረደ ነው የሰማሁ። ከደባርቅ የመጣ ዲያቆን የማውቅ መስሎት አጽናናኝ። በክርስትና ስሟ በየቅዳሴው አስጠራታለሁ።»

«ታዲያ ለምን በየእሑዱ ቤዛን ስጡኝ ይሉ ነበር?»

«ካልጠየቅሁ አወቁ ትላላችሁ። አወቁ ካላችሁ ሽማግሌ ትልካላችሁ። ሽማግሌ ከመጣ እሷ ትሰማለች።» እሷ የሚሉት እትዬ ጥሩነሽን ነው። «ያችን ልጅ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ አትችለውም። ይኸው ለብቻዬ ተሸክሜዋለሁ።»

«ባለፈው እሑድ ለምን ተዉት ታዲያ?»

«ሞላ ሲዋሽ ሰምተኸዋል?» አሉ። «በየሳምንቱ እየጠየቅሁ ኀጢአቱን ላብዛበት? ለራሴም ንስሐ መግባት አለብኝ።» ተነሡ፤ በትራቸውን ያዙ። «እሷ ገብሱ ጋ ናት። ሂድና ሳማት። ፊትህን ግን አስተካክል።»

ፊቴን አስተካከልሁና ሄድሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ከማሳው ዳር፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ወንጭፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ ብቅ እያለ ገብሱን ይሸመጥጣል፤ እሳቸው ይወነጭፋሉ። እኔን ሲያዩ ተነሥተው ግራና ቀኝ ጉንጬን ሳሙኝና እጄን ይዘው ከካቡ ኋላ ጎተቱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሳቸው ጋ ደርሰሃል?»

«ደርሻለሁ።»

«አልነገርሃቸውም?»

«ምኑን?»

«አታድክመኝ፣ ልጄ» አሉ። ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ከነጩ መቀነት ሥር ጥቁር ታጥቀዋል። «ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ወጥቼ፣ ጨው የምትሸጥልኝ ሴት ‹እግዜር ያጽናዎ› አለችኝ። በማን ብላት ነገረችኝ። ጨውን ሳልገዛ ተመለስሁ። ለየኔታ ‹ጨው ተወዷል› አልኋቸው።»

«ደባርቅ ድረስ መጥተው ቤታችን ሳይገቡ?»

«ብገባ አለቅሳለሁ። ካለቀስሁ ዓይኔ ያብጣል። ዓይኔን ካዩ ያውቃሉ። ልባቸው ገና አልጸናም፤ ለእሳቸው ብዬ ነው።»

«ታዲያ የት ያለቅሳሉ?»

«እዚህ ነዋ» አሉ። «ጭላዳው ሲመጣ እጮሃለሁ። ማን ይለየዋል?»

አንድ መንጋ በዚያው ብቅ አለ። እትዬ ጥሩነሽ ተነሥተው ጮሁ። እኔ ለየሁት።

ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት፣ በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ገበታ፤ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱም አብረው ሳያለቅሱ ሳምንታት። አበው «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይላሉ። ሁለት አውቀው የተኙ ሰዎች አንዱ ሌላውን እንዳይቀሰቅስ በእግር ጣት ሲራመዱ ግን አበውም ያዩ አይመስለኝም። እኔ አይቻለሁ፤ በኮምፒውተር። ጠባቂው ጠባቂውን ሲይዝ፣ ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሲሠሩ፣ ጥያቄው «አመለጠ» ተብሎ ይቀራል። አንዳቸውም አላጠፉም። ያመለጠችው ግን ማስተዋል ናት፤ ደባርቅ ላይ ቁጭ ብላ።

ምሳ ቀረበ። ሦስታችን ተቀመጥን። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልጎርስ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ባላቸው ጨረፍ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቤዛስ እንዴት ናት? ጉንፋኑ ተዋት?»

የኔታም ቶሎ አሉ፤ «ልጅ ናት፤ ይተዋታል እንጂ። ምን ትሆናለች?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ጥያቄው የሁለቱም አልነበረም፤ አንዱ ለሌላው ጆሮ ብሎ የጣለው ነው። መልሱ ደግሞ ምላሴ ላይ ነበር። ያን ጉንፋን ከጋሼ ሞላ ጋር የፈጠርሁት እኔ ነኝ። «ተሽሏታል» ብል ሁለቱም አመስግነውኝ እንጀራቸውን ይበላሉ፤ እኔም አውቶቡሴን እይዛለሁ። የተሳካ ሥራ ይሆን ነበር።

ሥርዓቱን አልዘነጋሁትም። ጎህ አልነበረም፤ ቀትር ነው። ሽማግሌ የለም። እኔ አማች ነኝ፤ ያውም ልጅ እግር። የአንዳቸው ልብ በእርግጥ ደካማ ቢሆንስ? ይህንንም አስቤዋለሁ። እጄ ላይ የያዝሁትን እንጀራ ወደ ገበታው መለስሁት።

«ቤዛ ሞታለች» አልሁ። «የኔታ ያውቃሉ። እትዬም ያውቃሉ። ያላወቃችሁት አንዳችሁ የሌላውን ማወቅ ብቻ ነው።»

እኔን አላዩኝም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። የኔታ ናቸው የቀደሙ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ቅዳሜ። ገበያ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ጨው የተወደደ ዕለት።»

የኔታ ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «እኔ ከዚያ በፊት ሐሙስ ነው» አሉ፤ መናገር ያልነበረባቸውን።

«ሐሙስ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «አንተ ሐሙስ ሰምተህ እኔን ቅዳሜ ገበያ ላክኸኝ?»

ባላቸውን «አንተ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የኔታም የሰሙ አይመስለኝም፤ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አልላክሁሽም፤ ራስሽ ነሽ የሄድሽ» አሉ እንደ ልጅ። «ብከለክልሽ ትጠረጥሪኛለሽ ብዬ ነው።» እትዬ ጥሩነሽ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን መልስ አልነበረም። ጭላዳ በሌለበት፣ በቤታቸው ውስጥ፣ በሙሉ ድምፃቸው ጮሁ። የኔታ በዳዴ ማለት ይቻላል፣ በገበታው ዙሪያ አልፈው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ጎረቤት ከደቂቃ በኋላ ደረሰ። በጣም ቶሎ ደረሰ። «በማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ።

«በጠራራ ፀሐይ መርዶ ይነገራል?»

«ጥፋቴ ነው፣ አባባ።»

«እኛ እኮ ለሁለቱም ልንነግራቸው ቀጥረን ነበር። ገብሱ ይግባ ብለን ነው።»

እንግዲህ አምባራስ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማያውቁት የመሰሉን ሁለቱ ያውቁ ነበር። ሁለቱ የማያውቁ መስሏቸው ሲደብቋቸው የኖሩ ጎረቤቶች፣ እኛ ደግሞ ከደባርቅ፣ ሁላችንም በአንድ ገብስ ቀጥረናል። ያንን ገብስ ማንም አላማከረውም።

ጥቂት ቆይቶ የኔታ አስጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ደህና ነበር። ልባቸውን ደካማ ነው ብለን ሁላችንም ያማነው ይመስለኛል።

«አንተስ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «የት ነው የምታለቅስ?»

«ሥራ አለብኝ» አልሁ።

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ከርነልም እንኳ ወጥመድ የማይኖርባቸው ቦታዎች አሉት፤ ጠባቂው ራሱ የቆመባቸው። እዚያ ላይ ወጥመድ ካኖሩ ሁሉም ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ኔትወርክ ወደሚይዝበት አፋፍ ወጣሁ። መጀመሪያ የደወልሁት ለጋሼ ሞላ ነው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙ ይከፋል ብዬ።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉ። «ከነማን ጋር ሆነህ ነገርሃቸው?»

«ብቻዬን።»

«ብቻህን። በስንት ሰዓት?»

«በምሳ ሰዓት።»

ለረጅም ጊዜ ተናገሩኝ። ስለ ሥርዓት፣ ስለ አባቶች፣ ስለ ዛሬ ልጆች። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አልተከራከርሁም። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«የኔታ ልባቸውስ?»

«ደህና ነው።»

«ጥሩነሽስ?»

«ባላቸውን እየተቆጡ ነው።»

«አለቀሱ?»

«አለቀሱ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት፤ አልተቋረጠም። «እኔም እኮ ደክሞኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ዘጉትም።

ቀጥዬ ለማስተዋል ደወልሁ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ያውቁ እንደነበር ነገርኋት። የእናቷን ጥቁር መቀነት ነገርኋት። ጭላዳውን አልነገርኋትም፤ እሱን ራሳቸው ይንገሯት ብዬ።

«ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ነይ» አልኋት።

«ምን ለብሼ?» አለች።

«የለበስሽውን።»

ስልኩን ዘጋሁ። ለድርጅቱ የምልከው የፈተና ውጤት መድረስ የነበረበት የዚያን ቀን ነበር። አልላክሁትም። በዚያ ቀን ከዚህ በኋላ የሠራሁት ነገር የለም።